ለሁለት ከተማ አንድ ዓይን



የዛሬው ርእስ ካሜራ ነው ስትባሉ፣ ስለ ስለላና ፊት ስለሚለየው ማሽን እንደማወራ ሳትጠብቁ አልቀራችሁም። ወደዚያም እንደርሳለን። ከዚያ በፊት ግን ጋዜጦች ብዙም የማይጽፉበት አንድ ጉዳይ ላንሣ። በምንኖርበት በዚህ አገር፣ በብሪታንያ፣ ጎረቤት ካውንስሎች የየመንገዱን ካሜራ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ቡድን ማስጠበቅ ይዘዋል።

በምሥራቅ እንግሊዝ ሀንቲንግደን የምትባል የገበያ ከተማ አለች። እዚያ ካሜራ ፊት የተቀመጠው ሠራተኛ የሚከታተለው ሀንቲንግደንን ብቻ አይደለም። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችውን ኬምብሪጅንም፣ ብስክሌቷንም፣ ተማሪዋንም፣ የሌሊት ሰካራሟንም ያያል። የኬምብሪጅ ከተማ ካውንስልና የሀንቲንግደንሻየር ካውንስል አገልግሎቱን ያዋሐዱት በ2014 ነው፤ ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደምጠራ ከወዲሁ ልንገራችሁ። ከኬምብሪጅ ጎዳና ላይ ቆማችሁ ቀና ብትሉ የምታዩት ምሰሶና ካሜራ የከተማው ነው። ከካሜራው ጀርባ ያለው ሰው ግን የተቀመጠው ሌላ ከተማ ነው።

ይህን ለማውገዝ አልመጣሁም። ዓይንን መጋራት ተገቢ ነው፣ አንዳንዴም የግድ ነው እላለሁ። ተጠያቂነትን ግን መጋራት አይቻልም። ካውንስሎቹ ገንዘቡን ሲያካፍሉ ተጠያቂነቱንም አብረው ያካፈሉት መስሏቸው ሲዘናጉ ነው ነገሩ የሚበላሸው። የዛሬ ማታ ክርክሬ ይኸው ነው።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ካላየን ወዴት እንደሚሄድ አይገባንም። በጥቅምት 1984 የአይሪሽ ሪፐብሊካን ጦር በብራይተን ከተማ የወግ አጥባቂው ፓርቲ መሪዎች ያረፉበትን ሆቴል በቦምብ መታ። በ1986 የፓርቲውን ጉባኤ የምታስተናግደው ቦርንማውዝ ነበረችና፣ የከተማዋ ካውንስል በ1985 በባሕር ዳርቻው መንገድ ላይ ካሜራ ተከለ። በካውንስል የሚተዳደር የአደባባይ ካሜራ ታሪክ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ከዚያ ነው። በ1987 ደግሞ በኖርፎክ የምትገኘው ኪንግስ ሊን ካሜራ ዘረጋች። የሊን ሥጋት ሽብር አልነበረም፤ የፋብሪካና የመጋዘን ሌባ ነበር። ይህችን ከተማ አስታውሱልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ነገሩን የመላው አገር ያደረገው ግን የካቲት 1993 ነው። ሊቨርፑል አጠገብ በቡትል የገበያ አዳራሽ ውስጥ የሁለት ዓመት ሕፃን በሁለት ታላላቅ ልጆች እጁን ተይዞ ሲሄድ ካሜራ ቀረጸው። ሕፃኑ ተገደለ፤ ያ ደብዛዛ ምስል በየቤቱ ቴሌቪዥን ታየ። ካሜራው ግድያውን አላስቆመም። ሰው ግን ከዚያ በኋላ ካሜራ የሌለበት ገበያ ጥበቃ የሌለው መስሎ ታየው። በቀጣዩ ዓመት የወጣው የወንጀል ፍትሕና የሕዝብ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 163 ለካውንስሎች ካሜራ የመትከል ሥልጣን ሰጣቸው። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴርም ካዝናውን ከፈተ፤ ከ1999 እስከ 2003 በነበረው አንድ ዙር ብቻ 170 ሚሊዮን ፓውንድ ለካሜራ መደበ።

የዛሬው ጣጣ እዚያ ውስጥ ተቀብሮ ነበር። ገንዘቡ የመግዣና የመትከያ ነበር፤ የሚመለከተውን ሰው ደመወዝ፣ የመስመሩን ኪራይ፣ የጥገናውን ወጪ ካውንስሉ ከራሱ ኪስ እንዲችል ተተወ። ሕጉም "ትችላላችሁ" አለ እንጂ "ግዴታችሁ ነው" አላለም። ቆሻሻ ማንሣት ግዴታ ነው፤ ቤት ለሌለው መጠለያ መፈለግ ግዴታ ነው፤ ካሜራ ግን ፈቃድ ነው። ገንዘብ ሲያጥር ቀድሞ የሚቆረጠው የቱ እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ የጉዳዩ ልብ ያለው እዚህ ነውና። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። አንድ ሠራተኛ በሳምንት 37 ሰዓት ይሠራል። አንዲት ወንበር ሌት ተቀን ባዶ እንዳትሆን ከአራት ሰው ተኩል በላይ ያስፈልጋል። የዓመት ዕረፍቱ፣ ሕመሙ፣ ሥልጠናው ሲጨመር አምስት አልፎ ይሄዳል። አንድ ሰው ብቻውን ሌሊቱን ሙሉ ማየት ስለማይችል ሁለት ወንበር ይሁን ካላችሁ አሥር ወይም አሥራ አንድ ደመወዝተኛ መጣ። ልብ በሉ፤ ይህ ቁጥር ካሜራው ሠላሳም ሆነ ሰማንያ ያው ነው። ሠላሳ ካሜራ ያላት ትንሽ ከተማ ሰማንያ ካሜራ ካላት ጎረቤቷ ጋር እኩል ደመወዝ ትከፍላለች ማለት ነው። ካሜራ በካሜራ ላይ ሲጨመር ወጪው በጥቂቱ ያድጋል፤ ክፍል በክፍል ላይ ሲጨመር ግን እጥፍ ይሆናል። የመጋራቱ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ የተወለደው ከዚህ ስሌት ነው፤ ከጎረቤት ፍቅር አይደለም።

ከ2010 በኋላ ማዕከላዊው መንግሥት ለካውንስሎች የሚሰጠውን ድጎማ ክፉኛ ሲቀንስ ስሌቱ ከወረቀት ወጥቶ ኑሮ ሆነ። አንዳንዱ ካውንስል ካሜራውን ምሰሶው ላይ ትቶ ተመልካቹን አሰናበተ፤ ካሜራው ይቀርጻል፣ የሚያየው ግን የለም። ሌላው ወደ ጎረቤቱ ሄደ። ቅድም አስታውሱልኝ ያልኋችሁ ኪንግስ ሊን የጎረቤቷን የብሬክላንድ ካውንስል ካሜራዎች፣ እነ ቴትፎርድንና ዲረምን፣ ከራሷ ክፍል ሆና ትጠብቃለች። ሄርትፎርድሻየር ውስጥ ደግሞ ስቲቨኔጅ፣ ሰሜን ሄርትፎርድሻየር፣ ምሥራቅ ሄርትፎርድሻየርና ሄርትስሚር አንድ ሽርክና መሠረቱ፤ ክፍሉ ስቲቨኔጅ ነው። ኋላም ይህንኑ አገልግሎት ለሌሎች የሚሸጥ ኩባንያ አቋቋሙ። ካውንስል ነጋዴ ሲሆን አየን እንግዲህ! ይህ በራሱ ነውር አይደለም፤ የኩባንያ ስብሰባ ግን እንደ ካውንስል ስብሰባ ማንም ገብቶ የሚሰማው አለመሆኑን ያዙልኝ።

የሚጋሩት ለምን እንደሆነ አየን። ይጠቅማልን? ካሜራ ወንጀል ይቀንሳል ወይ የሚለው ጥያቄ በዚህ አገር ብዙ ተጠንቷል። ማርቲን ጊልና አንጄላ ስፕሪግስ ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ሠርተውት በ2005 የታተመው ጥናት ውጤት አሳፋሪ ነበር፤ ከመረመሯቸው ሥርዓቶች አብዛኞቹ ወንጀል መቀነሳቸውን በአስተማማኝ ሁኔታ ማሳየት አልቻሉም። በ2019 የታተመውና የአርባ ዓመት ጥናቶችን የሰበሰበው የኤሪክ ፒዛና የባልደረቦቹ ሥራ ደግሞ ረጋ ያለ መልስ ሰጠ። ካሜራ ባለበት ስፍራ ወንጀል በአማካይ 13 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ጥቅሙ የሚጎላው በመኪና ማቆሚያ ነው፤ በድብድብና በጥቃት ላይ ግን እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አልታየም። ለእኛ ርእስ የሚበጀው ሌላው ግኝታቸው ነው፤ ሰው በንቃት የሚከታተለው ካሜራ እየቀረጸ ብቻ ከሚቀመጠው የተሻለ ውጤት አለው። ስለዚህ ሁለት ከተሞች ባዶ ወንበር የተቀመጠባቸው ሁለት ክፍሎች ከሚኖሯቸው፣ የነቃ ሰው ያለበት አንድ ክፍል ቢኖራቸው ይሻላል። እዚህ ላይ መጋራቱን ከሚደግፉት ጋር አልጣላም።

የምጣላው ዓርብ ማታ ላይ ነው።

ለካውንስል አባላት በሚቀርቡ ሪፖርቶች ላይ ቁጠባው የሚሰላው በአማካይ ነው። የወንጀል ሰዓት ግን አማካይ የለውም። ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሁለቱም ከተማ ጸጥ ያለ ነው፤ ያኔ አንድ ተመልካች አምስት ከተማም ቢሰጡት አይጨናነቅም። ዓርብና ቅዳሜ ከእኩለ ሌሊት በኋላ መጠጥ ቤት ሲዘጋ ግን ሁሉም ከተማ አንድ ላይ ይፈላል። የመጠጥ ቤት ጠባቂዎች በሬዲዮ ይጣራሉ፣ ፖሊስ መስመር ላይ ነው፣ በአንዱ ጎዳና ልጅ ወድቋል፣ በሌላው ጠርሙስ ተሰብሯል። መጋራት የሚያተርፈው የአንዱ ሥራ የሚበዛበት ሰዓት ሌላው የሚያርፍበት ሲሆን ነው፤ ጎረቤታሞች ከተሞች ግን የሚሰክሩት በአንድ ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ተመልካቹ ዓይኑን ወደየትኛው ይመልስ? ብዙ ካሜራ ወዳላት ትልቋ ከተማ? ብዙ ወደከፈለችው? ወይስ ክፍሉ ወዳለበትና መንገዱን ወደሚያውቀው? ስምምነቱ ይህን በግልጽ ካልጻፈ የሚወስነው የተረኛው ልማድ ነው። ልማድ ደግሞ ወደሚያውቁት ሰፈር ያደላል። እንዲህ ዓይነት ስምምነት ስታገኙ ስለ ወጪ ክፍፍሉ የተጻፈውን ዝለሉና ስለ ቅዳሜ ሌሊት ምን እንደተጻፈ ፈልጉ።

የሰፈር ዕውቀት ነገር ብዙ ጊዜ የሚነሣ ቅሬታ ነው፤ ትክክል ነው፣ ግን የሚጋነን ይመስለኛል። ጥሩ ተመልካች ካርታውን በጥቂት ወራት ይማራል። የሚከብደው ሰዉን መማር ነው። ሁልጊዜ ማታ ማታ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ የሚቀመጠው አረጋዊ አደጋ ላይ ነው ወይስ ቤቱ ሄዶ ብቻውን መሆን ጠልቶ ነው? የከተማው ልጅ የሆነ ተመልካች ያውቀዋል፤ ከሠላሳ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚያይ ሰው ግን ወይ ፖሊስ ይጠራበታል ወይ ያልፈዋል።

አሁን ወደ ተጠያቂነት ልግባ። አዲስ አበባ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ የአንድ መንገድ ጎረቤቶች አዋጥተው አንድ የሌሊት ዘበኛ ይቀጥራሉ። ሌባ እስኪመጣ ድረስ ዘበኛው የሁሉም ነው። የአንዱ ቤት ሲዘረፍ ግን "ማን ነበር የሚቆጣጠረው?" ሲባል ሁሉም ወደ ጎረቤቱ ያያል። በዚህ አገር የመረጃ ጥበቃ ሕግ ይህን መተያየት ለመከልከል ሞክሯል። ምስሉን ለምን ዓላማና እንዴት እንደሚጠቀሙበት የሚወስነው አካል የመረጃው ተቆጣጣሪ ይባላል፤ በእርሱ ትእዛዝ የሚሠራው ሌላ ነው፤ ሁለቱ አብረው የሚወስኑ ከሆነም የየድርሻቸውን በስምምነት ለይተው ማስቀመጥ አለባቸው። ሕጉ ግልጽ ነው። ስምምነቱ ግን የመንገደኛው ዓይን ከሚደርስበት ርቆ ይቀመጣል።

ይህ ተራ የወረቀት ጉዳይ እንዳይመስላችሁ ብሬንትውድን ልንገራችሁ። በ1995 በዚያች የኤሴክስ ከተማ በጭንቀት የተዋጠ አንድ ሰው ሌሊት ላይ ቢላ ይዞ በመንገድ ሲሄድ በካውንስሉ ካሜራ ታየ። ተመልካቹ ፖሊስ ጠራ፤ ፖሊስ ደርሶ ሰውየውን ረዳው። እስከዚህ ድረስ ካሜራው የሰው ሕይወት ለማዳን ረድቷል። ከዚያ በኋላ ግን ካውንስሉ "ካሜራችን ምን ያህል እንደሚጠቅም እዩ" ሊል ፈልጎ ምስሉን ለጋዜጣና ለቴሌቪዥን ሰጠ። ፊቱ በቅጡ አልተሸፈነም፤ ጓደኞቹና ጎረቤቶቹ ለዩት። የእንግሊዝ ፍርድ ቤት አልሰማውም። ስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ግን በጥር 2003 የግል ሕይወቱ መብት ተጥሷል ብሎ ፈረደለት። እዚያ ሁሉም ነገር በአንድ ካውንስል ጣሪያ ሥር ነበር፤ ተከሳሹ ማን እንደሆነ አላከራከረም። ካሜራው የአንዱ፣ ተመልካቹ የሌላው፣ ምስሉን የሰጠው የሦስተኛ ኩባንያ ሠራተኛ ቢሆን ኖሮ ያ ሰው ማንን ይከስስ ነበር?

ሽርክና ተጠያቂነትን እንዴት እንደሚያጭበረብር ያየነው ደግሞ በበርሚንግሃም ነው። በ2010 ዋሽውድ ሂዝና ስፓርክብሩክ በሚባሉ ሙስሊሞች በሚበዙባቸው ሰፈሮች 218 ካሜራ ተተከለ፤ 72ቱ ስውር ነበሩ። ከጀርባው ፖሊስና ካውንስሉ ያሉበት የደኅንነት ሽርክና ነበር። ለነዋሪው የተነገረው ለተለመደው ወንጀል ነው ተብሎ ነው፤ ገንዘቡ ግን ሦስት ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሆኖ የመጣው ከፀረ ሽብር በጀት ነበር። ነገሩ ሲወጣ ሕዝቡ ተቆጣ፣ ካሜራዎቹ ሥራ ሳይጀምሩ በከረጢት ተሸፈኑ፣ በ2011 ተነቀሉ። የቴምዝ ቫሊ ፖሊስ አዛዥ የነበሩት ሳራ ቶርንተን መርምረው የጻፉት ሪፖርት ሕዝቡ በቅጡ አለመማከሩን አጥብቆ ነቀፈ። በሄርትፎርድሻየር ሮይስተን ደግሞ ወደ ከተማዋ በሚያስገቡ መንገዶች ሁሉ ሰሌዳ የሚያነብ ካሜራ ተተክሎ ነበር፤ የመረጃ ኮሚሽነሩ በ2013 ከልክ ያለፈ ነው ብለው ለአውራጃው ፖሊስ የማስገደጃ ማስታወቂያ ሰጡ። በሁለቱም ቦታ ካሜራው መልካም ሐሳብ ይዘናል በሚሉ ሰዎች የተተከለ ነበር።

እኛ ሀበሾችስ? እኛ በዚህ ጉዳይ በካሜራው ፊትም ከጀርባውም አለን። ተመራማሪዎቹ ክላይቭ ኖሪስና ጋሪ አርምስትሮንግ በ1990ዎቹ በሦስት የመቆጣጠሪያ ክፍሎች ወደ 600 ሰዓት ያህል ተቀምጠው፣ ተመልካቾቹ ማንን እንደሚከታተሉ መዝግበው ነበር። ካሜራው እየተከተለ የሚዞረው ከቁጥራቸው በላይ ወጣቶችን፣ ወንዶችንና ጥቁሮችን ሆኖ ተገኘ፤ ብዙ ጊዜም ምንም ሳያደርጉ። ልጆቻችሁ በየትኛው ወገን እንደሚቆጠሩ ታውቃላችሁ። ከሀበሻው ማኅበረሰብ ደግሞ በጥበቃ ሥራ የሚተዳደር፣ የደኅንነት ኢንዱስትሪውን ባለሥልጣን ባጅ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ብዙ ሰው አለ፤ በዚህ አዳራሽም ሳይኖር አይቀርም። ለአደባባይ ካሜራ ሕጉ ያን ፈቃድ የሚጠይቀው በኮንትራት ለሚሠራው ነው፤ ካውንስሉ ራሱ ቀጥሮ ለራሱ የሚያሠራው ሰው ግዴታ የለበትም። የሥልጠናው ልክ የሚወሰነው በቅጥሩ ዓይነት ነው ማለት ነው፤ ይህ ለእኔ ምንም ትርጉም አይሰጠኝም። በክፍሉ ውስጥ ቋንቋችንንና መልካችንን የሚያውቅ ሰው መኖሩ ግን ለእኛ ከማንኛውም ሕግ ይልቅ ይጠቅመናልና፣ ሥራው ሲወጣ አመልክቱ።

ፊት ስለሚለየው ማሽን ቃል ገብቼ ነበር፣ በአጭሩ ልበል። በ2020 የይግባኝ ፍርድ ቤት የደቡብ ዌልስ ፖሊስ የተጠቀመበት መንገድ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ወስኗል፤ ማን በዝርዝሩ ይገባል፣ የት ይተከላል የሚለው ለፖሊሱ ፈቃድ ከመጠን በላይ ተትቶ ነበርና። ቴክኖሎጂው ግን አልቆመም፤ ፖሊስ ዛሬም ይጠቀምበታል። ብዙ ከተማ የሚጋሩት ክፍል ለዚህ ማሽን ምቹ በር ነው፤ አንዴ እዚያ ከገባ በአንድ ውሳኔ የሁሉንም መንገድ ያገኛል።

መንግሥት በታኅሣሥ 2024 ባወጣው የፖሊሲ ሰነድ በእንግሊዝ ያሉትን ሁለት እርከን ካውንስሎች ወደ አንድ እርከን ለማጠፍ አቅዷል። ኬምብሪጅሻየርም፣ ኖርፎክም፣ ሄርትፎርድሻየርም በዚህ መንገድ ላይ ናቸው። የእነዚህ አካባቢዎች የመጋራት ስምምነቶች እንደገና ሊጻፉ ነው ማለት ነው። እንደገና በሚጻፉበት ጊዜ ነዋሪ ካልጠየቀ የሚጻፈው የሒሳብ ሹሙ የሚፈልገው ብቻ ነው።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ለካውንስላችሁ ደብዳቤ ጻፉ፤ በ2000ው የመረጃ ነፃነት ሕግ መሠረት በሃያ የሥራ ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። የሰፈራችንን ካሜራ የሚያየው ማን ነው፣ የት ሆኖ ነው፣ የመረጃው ተቆጣጣሪ ማን ነው፣ ቅዳሜ ሌሊት ቅድሚያ የሚሰጠው እንዴት ነው ብላችሁ ጠይቁ። የመረጣችሁትን ካውንስለር ያን ክፍል ገብተው አይተውት እንደሆነ ጠይቋቸው። እናንተ ወይም ልጃችሁ በመንገድ ላይ አንድ ነገር ከደረሰባችሁ ደግሞ የራሳችሁን ምስል የመጠየቅ መብት አላችሁ፤ ክፍያ የለውም፣ መልሱም በአንድ ወር ውስጥ መምጣት አለበት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና ምን ለብሳችሁ እንደነበር ጻፉ። አትዘግዩ፤ አብዛኛው የካውንስል ካሜራ ምስሉን የሚያቆየው ለአንድ ወር ያህል ነው፣ ከዚያ በላዩ ላይ ይቀርጽበታል።